ቤተ መንግሥታቸውን ትተው የወጡ ንጉሥ፤ ዐፄ ካሌብ

ከአክሱም ከተማ በስተ ምዕራብ፥ ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፥ ዱንጉር የተባለ የጥንት ፍርስራሽ አለ። የአገሩ ሰው የንግሥት ማክዳ ቤተ መንግሥት ነው ይላል። በ1960ዎቹ ዓመታት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው የአርኬኦሎጂ ሊቅ ፍራንሲስ አንፍሬ ስፍራውን ባስቈፈሩት ጊዜ፥ ሃምሳ ያህል ክፍሎች ያሉት ታላቅ ሕንጻ ከአፈር ውስጥ ተገለጠ። ሊቃውንቱ ዘመኑን ሲመረምሩት ግን የ6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ይህም ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ዘመን 1500 ዓመት ያህል የሚርቅ፥ ለጻድቁ ንጉሥ ለዐፄ ካሌብ ግን የቀረበ ነው። በ2008 ከሀምቡርግ ዩኒቨርስቲ የመጡ ተመራማሪዎች ከዱንጉር ሥር የማክዳን ቤተ መንግሥት አገኘን ቢሉም፥ ብዙዎች ሊቃውንት ቃላቸውን አልተቀበሉም።

ይህን የሰማ ምእመን ምናልባት ያዝን ይሆናል። ነገር ግን የማክዳ ትውፊት በክብረ ነገሥት የተጻፈ፥ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ እንጂ ከዚህ ግንብ የተወለደ አይደለም፤ ስለዚህ የግንቡ ዕድሜ ቢያንስ ትውፊቱን አያፈርሰውም። ይልቁንስ ግንቡ በሚመሰክርለት ዘመን ስለ ኖሩት ንጉሥ ብናስብ ይጠቅመናል።

ዐፄ ካሌብ የታዜና ልጅ ሲሆኑ የንግሥ ስማቸው እለ አጽብሐ ይባላል። በወርቅ ገንዘባቸው ላይ መስቀል አስቀርጸዋል። በ523 በሣባ ምድር የነገሠው፥ መጻሕፍቶቻችን ፊንሐስ የሚሉት ንጉሥ፥ የናግራንን ክርስቲያኖች ከቅዱስ ኂሩት ጋራ በፈጀ ጊዜ ጩኸታቸው እስከ ቍስጥንጥንያና እስክንድርያ ተሰማ። ዐፄ ካሌብም መርከቦች አዘጋጁ፤ የአባ ጰንጠሌዎንን ጸሎትና ቡራኬ ተቀብለው በ525 ባሕረ ኤርትራን ተሻግረው ድል አደረጉ። በአክሱም የተገኘው፥ በግዕዝ ቋንቋ በሳባ ፊደል የተጻፈው የድንጋይ ጽሕፈታቸው፥ በሐሜር ምድር ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይናገራል። ድሉ ግን ረጅም ዕድሜ አላገኘም፤ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ አብርሃ የተባለ መኰንን በካሌብ የተሾመውን ገዢ አስወግዶ በዚያ ነገሠ።

በዚያው ዘመን አዱሊስ የደረሰው የእስክንድርያ ነጋዴ ኮስማስ፥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቤተ መንግሥት አራት ግንቦች እንደ ነበሩትና በውስጡም አንድ ቀንድ ያላቸው የነሐስ አውሬዎች ምስል እንዳየ ጽፏል። በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ጉባኤ በአክሱም እንዳ ሚካኤል፥ እንዳ ስምዖንና ታዕካ ማርያም የተባሉትን የሦስት አብያተ መንግሥት መሠረት ለክቶ ሥዕሉን አወጣ። ከእነዚህ የሚበልጠው ታዕካ ማርያም ነበረ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ጣልያኖች መንገድ ሲያወጡ ግን ፍርስራሹን ሰንጥቀውት አለፉ። ያን ጊዜ ሥዕሉ ባይነሣ ኖሮ ዛሬ ስለዚያ ግቢ የምናውቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

እንዲህ ያለ ግቢ የነበራቸው ንጉሥ ነበሩ፥ ከድል በኋላ ዙፋኑን የተዉት። ስንክሳርና ገድል እንደሚተርኩት ዘውዳቸውን በጌታችን መቃብር ይሰቀል ዘንድ ወደ ኢየሩሳሌም ላኩ፤ ራሳቸውም የምንኵስና ልብስ ለብሰው ወደ አባ ጰንጠሌዎን ገዳም ገብተው በጠባብ በዓት ኖሩ። ዙፋኑም ለልጃቸው ለገብረ መስቀል ሆነ።

ከከተማው በሰሜን ምሥራቅ ባለው ኮረብታ በስማቸው የሚጠራው መቃብር ከገብረ መስቀል መቃብር ጐን ይታያል፤ ታላላቅ ድንጋዮቹ ያለ ጭቃ እርስ በርስ ተገጣጥመው ቆመዋል። የአባ ጰንጠሌዎን ገዳምም በአቅራቢያው ባለው ጕብታ ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ንጉሡን በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን ታስባቸዋለች።