ዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ፤ ኳስ ይዞ መሮጥን የከለከሉት መምህር

የቅርጫት ኳስ ከብዙዎቹ ስፖርቶች የሚለየው ማን፣ የትና መቼ እንደ ጀመረው በትክክል የታወቀ በመሆኑ ነው። የጨዋታው አባት ዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ እንደ እኛው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አንድ ኳስ ይዞ በብዙ ሕፃናት ፊት የሚቆም ባልደረባችን የሚያጋጥመው ችግር እሳቸውን ካጋጠማቸው ብዙ የራቀ ስላልሆነ፣ ሕይወታቸውን መለስ ብሎ መመልከት ለሥራችን ይበጃል።

ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1861 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ተወለዱ። በ1870 እናትና አባታቸው በአንጀት ተስቦ ሞተውባቸው በአጎታቸው እጅ አደጉ። ትምህርታቸውን አቋርጠው በደን ውስጥ እንጨት ቆራጭ ሆነው ከሠሩ በኋላ ተመልሰው በሞንትሪያል ከሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ፤ ቀጥሎም የሃይማኖት ትምህርት አጠኑ። ሆኖም ከሰባኪነት ይልቅ የስፖርት መምህርነትን መርጠው በ1890 በአሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው፣ በአገራችን ወወክማ እየተባለ የሚጠራው ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ገቡ።

በ1891 ክረምት ሥራ አስፈትቶ የሚያውክ የ18 ወጣቶች ክፍል ተሰጣቸው። አለቃቸው ሉተር ጉሊክም በሁለት ሳምንት ውስጥ በአዳራሽ የሚካሄድ ጨዋታ እንዲያዘጋጁ አዘዙአቸው። የሜዳ ጨዋታዎችን ወደ አዳራሽ ለማስገባት ቢሞክሩ ግፊያና ጉዳት ሆነ። በመጨረሻ ምክንያቱን መረመሩ፤ ይኸውም ተጫዋች የሚጣለው ኳስ ይዞ ስለሚሮጥ ነው፤ ሩጫው ቢከለከል መጣሉም ይቀራል። በልጅነታቸው ሲጫወቱት ከነበረው የድንጋይ ውርወራም ከፍ ብሎ ቀስ ብሎ የሚወርድ ውርወራ ከኃይለኛው እንደሚበልጥ ያውቁ ስለነበር ግቡን ከራስ በላይ ሰቀሉት። ሁለት የኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫቶች 3.05 ሜትር ከፍታ ላይ ተቸነከሩ፤ 13 ደንቦችም ተጻፉ። በመጀመሪያው ግጥሚያ የገባው አንድ ኳስ ብቻ ነበር።

በእነዚያ ደንቦች ውስጥ ኳስ እያነጠሩ መሄድ አልነበረም። ኳስ የያዘው ሥራ ነፃ ጓደኛውን መፈለግ፣ የሌሎቹ ሥራ ደግሞ ነፃ ቦታ መያዝ ነበር። ለሕፃናት የሚበቃው የማጥቃት ዘዴም ይኸው ነው። ሦስት ለሦስት ሆነው፣ ሳያነጥሩ ይጫወቱ። ያቀበለ ልጅ ወዲያው እጁን እያሳየ ወደ ቅርጫቱ ይሩጥ፤ ኳሱ ካልተመለሰለት ዞሮ ወደ ክፍት ቦታ ይውጣ፤ የለቀቀውንም ስፍራ የቅርብ ጓደኛው ይሙላው። ቢቻል ቅርጫቱ ወደ 2.60 ሜትር ዝቅ ይበል፤ ኳሱም ቁጥር 5 ይሁን። ብዙ ስልት አስጠንተን ኳሱን ለረጅሙ ልጅ ብቻ ብናስረክብ ግን የቀሩት ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ሲሮጡ ውለው ኳስ ሳይነኩ ይወጣሉ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ሜዳው ዳር ይቀመጣሉ።

ኔይስሚዝ በ1898 በሕክምና ተመርቀው በዚያው ዓመት ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። እስከ 1907 ባሠለጠኑት ቡድን 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ ተሸነፉ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠ አሠልጣኝ የጨዋታው ፈጣሪ ብቻ ናቸው። ጨዋታውን የሚመለከቱት ግን የወጣቱ አካልና ጠባይ እንደሚታነጽበት መሣሪያ እንጂ እንደ አሠልጣኝ መመኪያ አልነበረም። ከእጃቸው የወጣው ፎግ አለን በአሜሪካ ስመ ጥር አሠልጣኝ ሆነ።

በ1936 በበርሊን የቅርጫት ኳስ በኦሊምፒክ ውድድር ውስጥ ሲገባ ለማየት በቁ። ግጥሚያዎቹ በአፈር ሜዳ ላይ የተደረጉ ሲሆን በፍጻሜው ቀን ዝናብ ጥሎ ሜዳው ስለጨቀየ ኳስ ማንጠር አልተቻለም፤ አሜሪካ ካናዳን 19 ለ8 ያሸነፈችው በዚያ ጭቃ ላይ ነበር። ኔይስሚዝ በ1939 በሎረንስ ከተማ አረፉ።

ስለዚህ የአፈር ሜዳና አንድ ኳስ ብቻ ያለው ባልደረባችን ጨዋታውን ለማስተማር የሚያንሰው ነገር አለ ብሎ አይዘን። የትምህርቱ ውጤትም በነጥብ ብቻ ሳይሆን፣ በክፍለ ጊዜው ስንት ልጆች ኳስ ተቀብለው እንዳቀበሉ ቢመዘን የመሥራቹን ሐሳብ ይከተላል።