መርካቶ የማይሸጠው

እኛ ሰፈር መሳለሚያ ውስጥ አንድ ሰው የሆነ ዕቃ አጣሁ ካለ መልሱ ያው ነው፤ መርካቶ ግባና ፈልግ ይባላል። እኔም ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ስመዘገብ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መርካቶ ገብቶ ጫማ መግዛት ነበር። ጫማው አሪፍ ነው። በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ከመሳለሚያ ወደ ዊንጌት አቅጣጫ ተነሳሁ። እህል በረንዳ ኩንታል የሚያወርዱት ልጆች ማን እንዳባረረኝ እየጠየቁ ሳቁብኝ። እነሱ መቶ ኪሎ ተሸክመው ሲመላለሱ እኔ ባዶ ሰውነቴን ተሸክሜ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳልሞላ ጎኔን ይዤ ቆምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ጫማው አልጋ ሥር ገባ፤ ውድድሩም ሳልሮጠው አለፈ።

የአንድ ታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ስንታዘዝ አበበ ቢቂላን የመረጥኩት በዚሁ ቁጭት ነው። እውነቱን ለመናገር ስለ አበበ የማውቀው ሁላችንም የምናውቀውን ብቻ ነበር፤ በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ አሸነፈ። አንድ ቀን ብድግ ብሎ ሮጦ ዓለምን ያስደነቀ ይመስለኝ ነበር። ታሪኩን ሳነብ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። የሚገርመው በዚያው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ልጅ ሳለ እንደ እኩዮቹ ገና ይጫወት ነበር። ካደገ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ወታደርነት ተቀጠረ። እዚህ ላይ ነው ልብ ማለት ያለብን። ሮም ከመሄዱ ከዓመታት በፊት፣ ማንም ሳያውቀው፣ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ ነበር፤ ያውም በየቀኑ። በዚያ ጊዜ ሜዳሊያ የለ፣ ጋዜጠኛ የለ፣ የሚያጨበጭብ የለ። ሳንባውና ልቡ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት ቦታ ቀስ እያሉ ተሠሩ። እኔ በሦስት ሳምንት የፈለግኩትን እሱ በዓመታት ነው ያጠራቀመው።

ይህን ልጅ ያየው ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ነው። ኒስካነን ረጅሙን ሩጫ በፍጥነት ከሚሮጡ አጫጭር ምልልሶች ጋር እያፈራረቀ ያሠራቸው ነበር። ረጅሙ ሩጫ ትንፋሽን ያሰፋል፤ አጭሩና ፈጣኑ ደግሞ ሰውነት ደክሞም ቢሆን ፍጥነት እንዳይጠፋው ያስተምራል። አበበ የመጀመሪያ ማራቶኑን አዲስ አበባ ላይ የሮጠው በሐምሌ 1952 ዓ.ም. ነው፤ አሸነፈ። በወሩ ደግሞ እዚሁ ከተማ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ይህ ሰዓት ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር፤ ከአገር ውጭ ግን የሰማው ሰው እምብዛም አልነበረም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገር ቤት ሰው ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሲል፣ አበበ ሮም ላይ ተሰለፈ። አዲስ የተገዛለት ጫማ እግሩን ስላቆሰለው በለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ስለዚህ ባዶ እግር ተአምር አልነበረም ማለት ነው፤ ልምምድ ነበር። ኒስካነን ሞሮኳዊውን ራዲን ተጠንቀቅ ብሎት፣ ቁጥሩም 26 እንደሆነ ነግሮት ነበር። ራዲ ግን የለበሰው 185 ቁጥርን ነው። አበበ ይህን ስላላወቀ 26 ቁጥር ከፊት እንዳለ አስቦ ሲያሳድድ፣ የሚፈልገው ሰው እኮ ከጎኑ እየሮጠ ነበር! በጨለማ ችቦ በበራበት መንገድ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆዩ። በመጨረሻ በፋሺስት ወረራ ዘመን ተዘርፎ የተወሰደው የአክሱም ሐውልት ካለበት አካባቢ አበበ አፈተለከ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ። የዓለምን ፈጣን ሰዓት ያሻሻለው በ0.8 ሰከንድ ብቻ ነው። (ሐውልቱ ራሱ አገሩ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው።)

ከዚያ በኋላ በ1953 ዓ.ም. አቴንስና ኦሳካ ላይ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ኮሺትሰ ላይ አሸነፈ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ግን ቦስተን ላይ ከማሞ ወልዴ ጋር እየመራ ቆይቶ፣ ብርድና አቀበት ጎዳውና አምስተኛ ወጣ። ይቺ አምስተኛነት እኔን ከድሎቹ በላይ አጽናንታኛለች። አበበም አቀበት ያሸንፈው ነበር ለካ! ልዩነታችን እሱ ጫማውን አልጋ ሥር አለመክተቱ ነው።

ቶኪዮ ሊሄድ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ጫማ አድርጎ ሮጦ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ በመግባት የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሁለተኛው ከአራት ደቂቃ በኋላ ሲገባ አበበ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ይህ ጉልበት በስድስት ሳምንት አይመጣም። ዓመታት ያጠራቀሙትን ቀዶ ሕክምና አልወሰደበትም።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ግን እግሩን አመመውና 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደ። ማቋረጥ የሚገባበት ጊዜም አለ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። ዓለምን ያስደነቁ እግሮች ከዚያ ወዲህ አልተራመዱም።

የብዙዎቻችን ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል። የእሱ ግን ቀጠለ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታክሞ እጆቹ ሲድኑለት ቀስትና ጠረጴዛ ቴኒስ ጀመረ፤ በ1962 ዓ.ም. ክረምትም እዚያው በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ጋሪ ውድድር አሸነፈ። በረዶ ላይ ያሸነፈው እግር አይደለም። ሱሉልታ ላይ ማንም ሳያየው በየቀኑ የሚነሳው ያ ልማድ ነው እላለሁ።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ዐርፏል፤ በከተማችንም በስሙ የተሰየመ ስታዲየም አለ።

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ጫማውን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። አሁን በሳምንት አራት ቀን እነሳለሁ። ፍጥነት የለኝም፤ ማውራት እስክችል ድረስ ቀስ እያልኩ ነው የምሮጠው። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እጨምራለሁ፤ ሲያመኝም አርፋለሁ። ትናንት አርባ ደቂቃ ሳልቆም ሮጥኩ። ስመለስ የእህል በረንዳ ልጆች ዛሬም ጠየቁኝ፤ ማን ነው የሚያባርርህ ዓይነት ነገር ነው። 26 ቁጥርን እያሳደድኩ ነው ብላቸው አይገባቸውም ብዬ ፈገግ ብዬ አለፍኩ።

የሁለተኛ ዓመት ጓደኞቼ፣ ዜና መጻፍም ሆነ ሩጫ ለካ አንድ ነው። ጫማውን መርካቶ ታገኙታላችሁ። ሌላውን ግን ጠዋት ጠዋት ነው።