ግራፍ ዚንዘንዶርፍ በልጅነቱና በአባትነቱ

በየማኅበረ ምእመናኑ ልጆቻችን ትንሹን ካቴኪስሞስ በቃላቸው ይይዛሉ፤ መዝሙሩንም ከእኛ ይልቅ አሳምረው ይዘምራሉ። ዓሥራ አምስትና ዓሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ግን አንዳንዶቹ ከመቀመጫቸው ይታጣሉ፤ ሌሎቹም በመካከላችን ተቀምጠው ሳሉ ልባቸው በሌላ ስፍራ እንዳለ ፊታቸው ይመሰክርባቸዋል። እኛ ወላጆችና ሽማግሌዎች በዚህ ጊዜ ወይ እንቈጣለን፥ ወይም ዝም ብለን እናዝናለን። ይህን ነገር ባሰብን ቍጥር የግራፍ ዚንዘንዶርፍ ሕይወት ትዝ ይለናል። ስለዚህ ሰው አዘውትሮ የሚነገረው የሚስዮን ሥራው ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንተርከው እምነትን ከአያቱ እንዴት እንደ ተቀበለ፥ የራሱ እስኪሆን ድረስ በምን መንገድ እንዳለፈ፥ ለገዛ ልጁም ሊያወርስ በሞከረ ጊዜ ምን እንደ ደረሰበት ነው።

ኒኮላውስ ሉድቪግ ፎን ዚንዘንዶርፍ በአውሮፓ አቈጣጠር ሜይ 26 ቀን 1700 ዓ. ም. በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ተወለደ። ግራፍ የሚለው ስም በዚያ አገር የባላባትነት ማዕረግ ነው። አባቱ ሕፃኑ በተወለደ በስድስት ሳምንት ገደማ ሞተ። እናቱም በ1704 ዓ. ም. ለአንድ የፕሩስያ የጦር አለቃ ተድራ ወደ በርሊን በሄደች ጊዜ ልጁ በሴት አያቱ እጅ ቀረ።

እኒህ አያት ወይዘሮ ሄንሪየተ ካታሪና ፎን ጌርስዶርፍ ይባሉ ነበር። በግሮስሄነርስዶርፍ በሚገኘው ግንባቸው የሚኖሩ፥ መጽሐፍ ቅዱስን በዕብራይስጥና በግሪክ የሚያነቡ፥ መዝሙር የሚደርሱ፥ የታወቀው ሰባኪ ሽፔነር ወዳጅ የነበሩ ሴት ናቸው። ጧትና ማታ በቤቱ ጸሎት ይደረግ ነበር። ልጁም ክርስቶስን በዚያ ቤት እንደሚኖር ታላቅ ወንድም ይቈጥረው ስለ ነበር ደብዳቤ እየጻፈ በመስኮት ይጥልለት ነበር፤ ጌታ እንደሚያገኘው አልተጠራጠረምና። ሰሚ ባጣ ጊዜም ወንበሮችን ደርድሮ ይሰብክላቸው ነበር ይባላል።

ስምንት ዓመት ሲሆነው ግን በአንድ ሌሊት ሁሉ ነገር ተናወጠበት። አያቱ ከመተኛታቸው አስቀድሞ አንድ አሮጌ መዝሙር ዘምረው ነበርና ልጁ ያን መዝሙር እያሰበ እንቅልፍ አጣ። ሐሳቡም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ፥ እግዚአብሔር የለም የሚሉ ሰዎች ሊያነሡ የሚችሉትን ክርክር ሁሉ በአእምሮው አመጣበት። በኋላ ዘመን ከከሓድያን የሰማው ሁሉ ከዚያ ሌሊት ሐሳቡ ጋር ሲመዛዘን ቀላል ሆኖ እንደ ታየው ራሱ መስክሯል። ልጁ ለጥያቄዎቹ መልስ አላገኘም፤ ዕድሜውም ለዚያ አልደረሰም። ነገር ግን ልቡ የሚያውቀውን አዳኝ፥ አእምሮው ስላልደረሰበት ብቻ እንዳይተወው ወሰነ። አእምሮው የፈለገውን ይመርምር፤ ልቡ ግን ከአዳኙ ጋር ይቀራል። ይህ ውሳኔ ከአያቱ የተቀበለው አልነበረም፤ ብቻውን በጨለማ ያገኘው ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንላለን። በየቤታችን ማታ ከእኛ ጋር ዘምረው ከተኙት ልጆች ስንቱ ዓይኑን ከፍቶ እንደሚያድር ማን ያውቃል? ጥያቄውን ቢነግረን እንደነግጣለን፤ ስለምንደነግጥም አይነግረንም። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም የደነገጥንበት ቀን አለና።

በ1710 ዓ. ም. ዚንዘንዶርፍ በዓሥር ዓመቱ ወደ ሃሌ ከተማ ተላከ። በዚያ አውግስት ሄርማን ፍራንከ ያቋቋመው ታላቅ የትምህርት ስፍራ ነበረ፤ የሙት ልጆች ቤት፥ ማተሚያ ቤት፥ መድኃኒት ቤትም ነበረው። ልጁ ኩሩ ነውና ይዋረድ የሚል አደራ ከቤተ ሰቡ አብሮት ስለ መጣ አስተማሪዎቹ አላዘኑለትም፤ ጓደኞቹም ያፌዙበት ነበር። ደግነቱ በፍራንከ ማዕድ ይቀመጥ ነበር። ወደዚያ ማዕድ ከሩቅ አገር የተመለሱ ሰዎች ይመጡ ነበርና በሕንድ አገር በትራንኬባር ከሚሠሩት መልእክተኞች የመጣውን ወሬ በዚያ ሰማ፤ ጺገንባልግንም በዓይኑ አየ።

የበለጠው ነገር ግን የተደረገው ከማዕዱ ውጭ ነው። ዚንዘንዶርፍ ከቢጤዎቹ ጥቂቶቹን እየሰበሰበ ይጸልይ ጀመር። ስፍራውንም ሰዓቱንም የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ከእነርሱም መካከል ፍሪድሪክ ፎን ቫተቪል የሚባል የስዊስ ልጅ ነበረ፤ ሁለቱ ማንም ወደማይሄድላቸው ሕዝቦች ወንጌል እንዲደርስ ቃል ኪዳን ገቡ። ከዚህ ኅብረትም በኋላ የሰናፍጭ ቅንጣት ማኅበር የተባለው ወጣ። በ1716 ዓ. ም. ከሃሌ ሲለይ ዚንዘንዶርፍ ለፍራንከ የሰባት የጸሎት ጉባኤዎችን ዝርዝር አስረክቦ እንደ ሄደ ይነገራል። ቫተቪልም እስከ ሞቱ ድረስ ወዳጁና የሥራ ባልደረባው ሆኖ ኖረ። ለአንድ ጐረምሳ ከሽማግሌ ምክር ይልቅ አንድ የሚጸልይ ጓደኛ ይጠቅመዋል ብንል አንሳሳትም መሰለን።

በሃሌ የነበረው መልካም ነገር ሁሉ ግን ለዚህ ልጅ ልክ አልሆነለትም። በዚያ ሰዎች ዘንድ አንድ ሰው በእውነት ተመለሰ የሚባለው፥ ስለ ኃጢአቱ በብርቱ ተጨንቆ፥ ከዚያም ቀኑን ሊናገር በሚችልበት ሁኔታ ዕረፍት ሲያገኝ ነው። ዚንዘንዶርፍ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጌታን ይወድ ነበር እንጂ እንዲህ ያለ ቀን አልነበረውም። በዚህ ምክንያት በኋላ ካደገና ብዙ ከሠራም በኋላ እንኳ ገና አልተመለሰም የሚሉት ሰዎች ተነሡ። እርሱም በእነርሱ መስፈሪያ ራሱን ሊሰፍር ደከመ፤ ከዚያም እግዚአብሔር ሁሉን በአንድ በር እንደማያስገባ ተረድቶ ተወው። በእኛ መካከልም የራሳችንን የመመለስ ታሪክ ለልጆቻችን እንደ መስፈሪያ የምናቀርብላቸው ጊዜ አለ፤ በስካርና በጥንቈላ ያልኖረ ልጅ ግን ከየት አምጥቶ ይመለሳል?

አጎቱና ሞግዚቱ የሃሌን መንፈስ ከልጁ ለማስወጣት አስበው በ1716 ዓ. ም. ወደ ቪተንበርግ ላኩት፤ ሕግ እንዲማርና የመንግሥት ሹም እንዲሆን ነው። እርሱ ግን በትርፍ ጊዜው የሉተርን መጻሕፍት ያነብ፥ ለጸሎትም ሰዓት ለይቶ ይጠብቅ ነበር። ሃሌና ቪተንበርግ በዚያ ዘመን ብርቱ ክርክር ነበራቸው፤ ወጣቱም በሁለቱም ወገን ጌታን የሚወዱ እንዳሉ ባየ ጊዜ ሊያስታርቃቸው ተነሣ። ቤተ ሰቡ ከለከለው።

በ1719 ዓ. ም. የባላባት ልጆች እንደሚያደርጉት ዓለምን ያይ ዘንድ ተላከ። በዱሰልዶርፍ ከተማ የሥዕል ቤት ውስጥ ዶሜኒኮ ፌቲ የተባለው ሠዓሊ ከሣለው ሥዕል ፊት ቆመ። ሥዕሉ የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳይ ሲሆን፥ ከሥሩ በላቲን የተጻፈው ቃል ጌታ ስለ ተመልካቹ ያደረገውን አስታውሶ እርሱስ በምላሹ ምን እንዳደረገ ይጠይቀው ነበር። የዓሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወጣት የሚመልሰው ብዙ ነገር እንደሌለው ተሰማው፤ ከመከራውም ጋር አንድ እንዲያደርገው ጌታን ለመነ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን ጌታ ነው በዚያ እንደ ገና ያገኘው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁና በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1722 ዓ. ም. ኤርድሙተ ዶሮቴያን አገባ። በዚያው ዓመት ስለ እምነታቸው ከሞራቪያ የተሰደዱ ሰዎች በአናጢው በክርስቲያን ዳቪድ ተመርተው በርስቱ ላይ ቤት ሠሩ፤ ስፍራውም ሄርንሁት ተባለ። በመካከላቸው ጠብ ስለ ገባ ግራፉ የድሬስደንን ሹመት ትቶ ወደ እነርሱ መጣ። ኦገስት 13 ቀን 1727 ዓ. ም. በበርተልስዶርፍ ቤተ ክርስቲያን በጌታ ማዕድ ታረቁ፤ ከዚያም ወር ጀምሮ ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ የሚደረገው ጸሎት ከመቶ ዓመት በላይ ቈየ። በ1732 ዓ. ም. የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች በባርነት ወደሚኖሩት አፍሪካውያን ወደ ቅዱስ ቶማስ ደሴት ሄዱ። ሐኪሙ ሆከርም ወደ ሐበሻ አገር ለመድረስ አስቦ በ1752 ዓ. ም. ወደ ካይሮ ተልኮ ነበር፤ ሳይደርስ ቀረ።

በዚያ በ1727 ዓ. ም. የሆነ አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። ግራፉ በበርተልስዶርፍ ጥቂት ልጃገረዶችን ሰብስቦ ያስተምር ነበር። እነርሱም ሥርዓት ያላቸው፥ የሚሰሙ፥ የሚመልሱ ነበሩ፤ በልባቸው ግን የተነሣ ነገር አላየባቸውምና በጸሎት ስለ እነርሱ ያዝን ነበር። በኦገስት ወር ሱዛና ኩህነል የምትባል የዓሥራ አንድ ዓመት ልጅ እናቷ በሞተችበት ሐዘን ውስጥ ለብዙ ቀን ለብቻዋ ስትጸልይ ሰነበተች፤ በደስታ ወጥታም ለጓደኞቿ ነገረቻቸው። ከእርሷም ወደ ሌሎቹ ሴቶች ልጆች፥ ከእነርሱም ወደ ወንዶቹ ተላለፈ። ታላቁ መምህር በትምህርቱ ሊያነድደው ያልቻለው እሳት በአንዲት ልጅ እጅ ተቀጣጠለ። ግራፉ በዚህ አልቀናም። ይልቁንም ማኅበሩ በየዕድሜው ክፍል እንዲሆን ሲደረግ ለጐረምሶቹና ለልጃገረዶቹ የራሳቸው ስብሰባና የራሳቸው መሪዎች እንዲኖሯቸው ተፈቀደላቸው።

አሁን ወደ ልጆቹ እንመጣለን። ኤርድሙተ ዓሥራ ሁለት ልጆች ወለደች፤ አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው ሞቱ። የበኵር ልጅነት የደረሳት ቤኒግና ከአባቷ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግራ በ1742 ዓ. ም. ገና በዓሥራ ስድስት ዓመቷ በፔንስልቬንያ በጀርመንታውን ለሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተች። ባሕር ማዶ፥ በማታውቀው ሕዝብ መካከል፥ የሃያ አምስት ልጆች ኀላፊነት በእጇ ነበረ። ሥራው የእርሷ ነበርና ከአባቷ ቃል ተውሳ የምትኖርበት ጊዜ አላገኘችም።

ወንድሟ ክርስቲያን ሬናቱስ ግን ሌላ መንገድ ገጠመው። በ1727 ዓ. ም. ሴፕቴምበር 19 ቀን፥ በዚያ የመነቃቃት ዓመት ተወለደ። ገርና ሙቀት ያለው ልብ ነበረው፤ አባቱንም እጅግ ይወድ ነበር። ግራፉ ከሳክሶኒ ተባርሮ ከአገር ወደ አገር ሲዞር ልጁ በሄርንሃግ ባለው አዲስ ማኅበር አደገ፤ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላውም የጐልማሶቹ መሪ ተደረገ። በዚያ ዘመን አባቱ ስለ ክርስቶስ ቍስልና እንደ ሕፃን ስለ መሆን አብዝቶ ይሰብክ ነበር። ይህ ቃል በአባቱ አፍ የሠላሳ ዓመት ትግል ፍሬ ነው፤ ስምንት ዓመት ሲሆነው ያደረው ሌሊት አለበት፥ የዱሰልዶርፉ ሥዕል አለበት። በልጁና በባልንጀሮቹ አፍ ግን ያለ ትግል የተገኘ ነበርና ወደ ጨዋታ ተለወጠ። መብራትና ጌጥ በዛ፥ ድግስ በዛ፥ የጌታንም መከራ በቍልምጫ ቃል እየጠሩ ይዘምሩ ጀመር። የተቃወማቸውንም እንደ ቀዝቃዛ ሰው ይቈጥሩት ነበር።

በ1749 ዓ. ም. መጀመሪያ አባቱ ሁኔታውን ሲረዳ ብርቱ የተግሣጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ልጁንም ከሹመቱ ሽሮ ወደ ለንደን ጠራው። ግራፉ ነገሩን በልጁ ላይ ብቻ አልጣለም፤ ለዚህ መንገድ የከፈተው የራሱ አነጋገር እንደ ነበር አምኗል። ለአባት ከዚህ የሚመርር ቃል ያለ አይመስለንም። እኛ ስንፈርድ ግን ስሕተቱ አነጋገሩ ብቻ አልነበረም። የሚወደውን ልጅ ገና ሳይጠይቅ፥ ገና ሳይጨነቅ፥ በአባቱ ቃል ሌሎችን እንዲመራ ማድረጉም ነበር። ሄርንሃግም ከ1750 ዓ. ም. ጀምሮ በአገሩ ገዥ ትእዛዝ ባዶ ሆነ።

ክርስቲያን ሬናቱስ በለንደን ራሱን አላጸደቀም። ተዋረደ፥ ጸጥ አለ፥ ያለ ሹመትም ለብቻው ከጌታው ጋር ለመነጋገር ጊዜ አገኘ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የደረሳቸው መዝሙሮች ጌጥ የሌላቸው የንስሓ መዝሙሮች ናቸው። የሳምባ በሽታ ይዞት ሜይ 28 ቀን 1752 ዓ. ም. በሃያ አራት ዓመቱ ሞተ። እናቱ በ1756 ዓ. ም.፥ አባቱም ሜይ 9 ቀን 1760 ዓ. ም. በሄርንሁት ተከተሉት። ግራፉ ከሁለት ሺህ በላይ መዝሙር እንደ ደረሰ ይነገራል፤ ልጁ የተወው ጥቂት ነው። ከዚያ ጥቂት መካከልም እስከ ዛሬ በሞራቪያውያን ጉባኤ የሚዘመር አለ።