ጄምስ ጆይስና የደብሊን ሰዎች

ጄምስ ጆይስ፣ አየርላንድ ገና በእንግሊዝ ትገዛ በነበረበት ዘመን፣ በ1882 ዓ.ም. በደብሊን ከተማ ተወለደ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ግብር ሰብሳቢ ነበረ፤ ሥራውን ካጣ በኋላ ግን መጠጥና ዕዳ ቤተ ሰቡን አደኸዩት። ልጁ እንደ ምንም ተምሮ በ1902 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወጣ። በዓመቱ እናቱ ሞተች።

በ1904 ዓ.ም. አንድ የገበሬዎች ጋዜጣ ቀለል ያሉ አጫጭር ታሪኮች እንዲጽፍለት ጠየቀው። ጆይስ ግን የጻፈው ስለ መንፈስ ሽባነት ነበረ፤ ይኸውም ሰው በሕይወት ሳለ ፈቃዱ እንደ ሞተ ሆኖ ባለበት መቅረቱ ነው። ከታሪኮቹ አንዷ ኤቭሊን ትባላለች። ኤቭሊን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለፋት ልጅ ስትሆን ኀይለኛ አባቷ ደመወዟን ይወስድባታል። አንድ መርከበኛ አግብቷት ወደ ቦነስ አይረስ ሊወስዳት ተስማሙ። ከወደቡ ስትደርስ ግን የብረቱን አጥር ጨምድዳ ያዘች፤ እግሯ አልነቃነቅ አለ፤ መርከቡም ሄደ። ያሰራት ሰው አልነበረም። እኔ መጀመሪያ ሳነበው በልጅቱ ተናድጄ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ቤቱን እንዳትበትን ለምትሞት እናቷ የገባችውን ቃል ልብ አልሁና ንዴቴ በረደ።

ታሪኩ የታተመው በሴፕቴምበር 10 ቀን ነው። ወር ሳይሞላ፣ በኦክቶበር 8 ቀን፣ ጆይስ ራሱ የሆቴል ሠራተኛ ከነበረችው ከኖራ ባርናክል ጋር በመርከብ ተሳፍሮ ደብሊንን ለቀቀ።

በትሪየስት ከተማ እንግሊዝኛ እያስተማረ፣ ዕዳ እየተበደረ፣ ታሪኮቹን 15 አደረሳቸው። የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ገብርኤል የተባለ መምህር ከግብዣ ሲመለስ ሚስቱ በወጣትነቱ ስለ ሞተ አንድ ልጅ ታለቅሳለች። ባልየው እንደዚያ ልጅ አድርጎ ማንንም ወዶ እንደማያውቅ የተረዳው ያን ሌሊት ነው። አብረው ኖረው ሳይተዋወቁ መቅረታቸው ከኤቭሊን መቅረት ይልቅ ያስፈራል።

መጽሐፉን አሳታሚዎች ለብዙ ዓመት አንገላቱት። በ1912 ዓ.ም. በደብሊን ታትሞ ሊወጣ ሲል አታሚው የታተመውን ወረቀት አጠፋው። ጆይስም ወዲያው ከአገሩ ወጣ፤ ዳግመኛም አልተመለሰ። በ1914 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሲወጣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የተሸጠው 499 ቅጅ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የጻፋቸው ትልልቅ መጻሕፍትም ስለዚያችው ስለ ሸሻት ከተማ ናቸው።

በ1941 ዓ.ም. በዙሪክ ሞተ። ኖራ ዐፅሙ ወደ አየርላንድ እንዲገባ ብትጠይቅም አልተፈቀደላትም። መቃብሩ እዚያው ዙሪክ ነው።