የይፋጉ መምህር በበርሊን፤ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም

ይህን የኢዮቤልዩ መጽሔት የምታነቡ አባቶቼ ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ የአለቃ ታየን ታሪክ በዚህ ብታገኙ ትገረሙ ይሆናል፤ በሃይማኖት ተከሰው ታስረዋልና። እኔም ለመጻፍ ብዙ አመነታሁ። ነገር ግን የይፋግ ልጅ ናቸው፤ የግዕዝ ተማሪም ሁሉ ባለ ዕዳቸው ነው። ስለዚህ ክሱን ሳልሸሽግ፥ ሥራቸውንም ሳላሳንስ እጽፋለሁ።

አለቃ ታየ ገብረ ማርያም በ1853 ዓ.ም. ገደማ በበጌምድር በይፋግ ተወለዱ። በዚያ ዘመን ይፋግ በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሰው ነጋዴ የሚያርፍባት፥ አሞሌ ጨው የሚመነዘርባት ታላቅ ገበያ ነበረች። በወጣትነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው፥ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም በዚያው አስተማሪ ሆኑ። ያገራቸውን የግዕዝ ትምህርትም አደላድለው ያውቁ ነበር። በ1889 ዓ.ም. መጽሐፈ ሰዋስው የተባለው ድርሰታቸው በምንኩሉ ታተመ።

በዚህ መጽሐፍ ላይ ጥቂት ልቆይ። በጉባኤ ቤት ግሱም፥ እርባውም፥ አገባቡም ከመምህሩ አፍ በቃል የሚቀዳ ነው፤ ተማሪው መምህሩን ካላገኘ ሌላ በር የለውም። እርሳቸው ግን የግዕዝን ሰዋስው በአማርኛ አስረድተው በማተሚያ አወጡት። የቃሉን ትምህርት ይተካል አልልም፤ እኔ በቃል የተማርሁ ነኝና አይተካም። ሆኖም መምህር ለራቀው ሰው መምህር ሆነለት።

በ1897 ዓ.ም. የጀርመን መልእክተኛ ፍሬድሪክ ሮዘን አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል አደረገ። ከዚህም የተነሣ አማርኛ የሚያስተምር ሊቅ ለበርሊን ስላስፈለገ አለቃ ታየ ተላኩ። ከአውሮፓ ተነሥቶ የአፍሪካን ገጠር ሊያስተምር የሚመጣው ብዙ ነው፤ እርሳቸው ግን ከአፍሪካ ገጠር ወጥተው የአውሮፓን ተማሪ ሊያስተምሩ ሄዱ። የገቡበት የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ወደ ሩቅ አገር ለሚላኩ ሹማምንትና ነጋዴዎች ቋንቋ የሚያስተምር ነበር።

ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጡ። በዚያ ኦይገን ሚትቮኅ ከተባለው ሊቅ ጋር ሠሩ፤ እርሱም ከአለቃ ያገኘውን የአማርኛ ተረትና ምሳሌ፥ የልጆችንም ጨዋታ ሳይቀር ለአገሩ ሰዎች አሳተመው። ሊቁ አለቃ የልጆች ጨዋታ ለባዕድ ሲያስረዱ ማሰብ ፈገግ ያሰኛል፤ ነገር ግን ያ ጨዋታ በወረቀት ስለ ሰፈረ እስከ ዛሬ ቆየ።

ካገራቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ክብር ብቻ አልነበረም። በአቡነ ማቴዎስ ዘመን የሚሲዮንን ትምህርት ያስተምራሉ ተብለው ተከሰሱ፤ ታሰሩም። ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖቷን መጠበቋ ግዴታዋ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ግዕዝን እንደዚያ የወደደ ሰው በክርክር እንጂ በሰንሰለት ባይመለስ በወደድሁ ነበር።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1914 ዓ.ም. በአሥመራ ታተመ። እርሳቸውም ከሁለት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. ዐረፉ፤ መጽሐፉ ግን ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል።