በሰው ስም ያስተማረችው ሊቅ፦ ኤሚ ኖተር

የሂሳብ ሊቋ ኤሚ ኖተር በ1882 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር፣ ኤርላንገን ከተማ፣ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ያስተምር ነበር። እሷ ግን ሴት ናትና እንደ ወንዶቹ መመዝገብ አልተፈቀደላትም፤ መምህራኑን እያስፈቀደች በአዳማጭነት ተማረች። በ1907 ዶክተር ሆነች። ከዚያም ሰባት ዓመት ያህል እዚያው ያለ ደመወዝ ሠራች።

በ1915 ታላቁ የሂሳብ ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ጠራት። አንዳንድ መምህራን ግን ሴት እንዴት ወንድ ታስተምራለች ብለው ተነሡባት። ሂልበርት ቢሟገትላቸውም አልሰሙትም። ስለዚህ ትምህርቱ በእሱ ስም ይለጠፋል፣ የምታስተምረው ግን እሷ ነበረች። በ1918 ያሳተመችው ሕግ ዛሬም የፊዚክስ ምሰሶ ነው። በራሷ ስም እንድታስተምር የተፈቀደላት በ1919 ነው፤ ትንሽ ክፍያ ያገኘችው ደግሞ አርባ ዓመት ከሞላት በኋላ።

በስንት ልፋት ያገኘችውን ቦታ በ1933 ናዚዎች አይሁዳዊት ናት ብለው ነጠቋት። አሜሪካ ተሻግራ በብሪን ማር የሴቶች ኮሌጅ አስተማረች። በ1935 ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ በ53 ዓመቷ አረፈች። አልበርት አይንስታይን ሊቅነቷን በጋዜጣ መሰከረላት። ዛሬ በእስራኤል፣ በባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ፣ የሂሳብ ምርምር ተቋም በራሷ ስም ይጠራል።