የእረኛውን ዜማ ከኦርኬስትራ ፊት ያቆሙ ሊቅ፤ ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ

በአገራችን ብቻውን የሚጫወት ሰው ብርቅ ሆኖ አያውቅም። እረኛው በመስክ ላይ ዋሽንቱን ሲነፋ፣ አዝማሪው በሰርግ ቤት መሰንቆውን ሲገዘግዝ፣ ባለበገናው በጾም ሌሊት ሲደረድር ሁሉም ብቻቸውን ናቸው። ብርቅ ሆኖ የኖረው ይህ ብቸኛ ተጫዋች በብዙ መሣሪያዎች ማኅበር ፊት ቆሞ፣ እሱ ሲያወጣ እነሱ እየተቀበሉ፣ እነሱ ሲያወጡ እሱ ተራውን እየጠበቀ፣ ሁሉም በተጻፈ ኖታና በአንድ መሪ እጅ የሚሄዱበት ሥርዓት ነው። አውሮፓውያን ብቸኛውን ሶሎ ተጫዋች፣ ማኅበሩንም ኦርኬስትራ ይሉታል። ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በማሕሌት መሪና ተመሪ፣ በዘፈንም አውጪና ተቀባይ አለና። ነገር ግን እነዚህን ሁለቱን ዓለሞች አገናኝቶ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የሚያስተምር ቤት ማቋቋም የአንድ ሰው ብርቱ ሐሳብና ድካም አስፈልጎታል። ያም ሰው ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ ናቸው።

ፕሮፌሰር አሸናፊ በ1930 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። በዚያን ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ ወደ አገራችን ከገባ ብዙ አልቈየም ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን የሙት ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ከመሠረቱት ሥራ ቀጥሎ፣ ከጠላት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ተስፋፍተው ነበር። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ የተማረው ሰው በቅድሚያ ወታደር ነው፤ የሚጫወተውም ለክፍሉ ሥራ ነው። ሙዚቃን እንደ ሕግ፣ እንደ ሕክምና ወይም እንደ ምሕንድስና አንድ የእውቀት ዘርፍ ብሎ ሊማር ለሚሻ ወጣት ግን በሩ ገና ጠባብ ነበር። በዚህም ላይ አዝማሪነት በሕዝቡ ዘንድ የሚናቅ ሙያ ስለ ነበር፣ የጨዋ ልጅ መሣሪያ ሲያነሣ የሚከተለው ነቀፌታ ቀላል አልነበረም።

ወጣቱ አሸናፊ ይህን ሁሉ ተሻግረው ወደ አሜሪካ አገር በመሄድ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። ይህን ትምህርት ቤት የኮዳክ ባለቤት ጆርጅ ኢስትማን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1921 ያቋቋመው ሲሆን፣ ከአሜሪካ ታላላቅ የሙዚቃ ቤቶች አንዱ ነው። እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚፈተነው በወረቀት ብቻ አይደለም። ከጓደኞቹ መካከል ተመርጦ ከተማሪዎች ኦርኬስትራ ፊት ለብቻው ይቆማል። ቢሳሳት ሁሉ ይሰማዋል፤ ቢቸኩል የኋላው ማኅበር ይበተናል፤ ቢዘገይም መሪው ሁሉንም ጠብቆ ይመልሰዋል። ስለዚህ ተማሪው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ይማራል፤ በራሱ መቆምንና ሌላውን መስማትን። አቶ አሸናፊ በ1954 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ይዘው ከዚህ ትምህርት ቤት ወጡ።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዕድሜያቸው ገና ከሃያዎቹ አጋማሽ አላለፈም ነበር። በዚህ ዕድሜ ሳሉ በኋላ በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተሩም ሆኑ። ስሙ የዘፈቀደ ስም አይደለም። በትውፊታችን እንደሚነገረው ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ቤት የሸሸ ልጅ ነበር፤ ከዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ የተሳካላትን ትል አይቶ ተመለሰ እንጂ። በስሙ በተጠራው ትምህርት ቤት ዛሬም ፒያኖ፣ ቫዮሊንና ክላሪኔት ከክራር፣ ከመሰንቆ፣ ከዋሽንትና ከበገና ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣሉ። አዝማሪው ከአባቱ በጆሮ ብቻ ይቀበለው የነበረው ጥበብ መምህር፣ ክፍልና ምስክር ወረቀት ያለው ትምህርት ሆነ ማለት ነው።

ታላቁ የሙዚቃ ድርሰታቸው ይህንኑ ሐሳብ የሚገልጥ ነው። በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ወደ ሃንጋሪ ሄደው የአገሪቱን መንግሥት ኦርኬስትራ እየመሩ፣ በእረኛውና በዋሽንቱ የሰየሙትን ድርሰት አሰሙ። ሃንጋሪ ለዚህ ሥራ የተገባች አገር ነበረች፤ ባርቶክና ኮዳይ የተባሉት ሊቃውንቷ ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በየመንደሩ እየዞሩ የገበሬውን ዘፈን ሰብስበው ወደ ታላቁ መድረክ አውጥተውት ነበርና። ሆኖም የኢትዮጵያዊው ደራሲ ሥራ የራሱ ፈተና ነበረው። የእረኛው ዋሽንት ከሸምበቆ የተበጀ ነው፤ ዜማው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት፣ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ነው። ኦርኬስትራ ግን የተሠራው ልዩ ልዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ደራርቦ ለማሰማት ነው። ብዙ ቢጭኑበት የእረኛው ድምፅ ይታፈናል፤ ብቻውን ቢተዉት ደግሞ ኦርኬስትራው ሥራ ፈት ይሆናል። ደራሲው የተነሡት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ መንገድ ለመሄድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት እንደገና ወደ አሜሪካ ሄደው በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በ1969 የማስተርስ፣ በ1971 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተቀበሉ። የዶክትሬት ጽሑፋቸውም ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ እድገትና ባህላዊ መሠረት የሚናገር ነው። በ1975 ስለ አዝማሪ፣ በ1977 ስለ ክራር በታወቁ የዓለም የሙዚቃ መጽሔቶች ላይ ጥናት አወጡ። በገና የመዝሙር መሣሪያ ተብሎ ሲከበር፣ ታናሽ ወንድሙ ክራር የሰይጣን መሣሪያ ተብሎ ለምን እንደ ተነቀፈ መረመሩ። በመንደር የተናቀውን ሰውና የተናቀውን መሣሪያ ሊቃውንት በሚያነቡት ገጽ ላይ በክብር አኖሩት።

የቀረው የሥራ ዘመናቸው ግን በውጭ አገር አለፈ። በኒው ዮርክ ኲንስ ኮሌጅ፣ በብራንዳይስ፣ በመጨረሻም በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1982 የጥቁር ሕዝቦችን ሙዚቃ ሥረ መሠረት የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። የጃፓንን ኮቶ ከአውሮፓ መሣሪያዎች ጋር ያገናኘ ድርሰትም አላቸው። በ1990 ዓ.ም. በፍሎሪዳ፣ በታላሃሲ ከተማ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ።

እዚህ ላይ አንባቢው አንድ ነገር ሊያዝን ይችላል። እኒህ ሰው ተማሪዎችን ለመድረክ ማብቃት በጀመሩበት ቤት ውስጥ የቈዩት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። በጥናትና በድርሰት የጐለመሱበትን ዘመን ያገኘው የባዕድ አገር ተማሪ ነው። ይህ ጉዳት ጉዳት አይደለም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ቤቱ ከመሥራቹ ጋር አልሄደም። የመንግሥት ለውጥ መጥቶ ሲያልፍ ትምህርት ቤቱ ቆሞ ቈየ፤ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተጠቃልሎ ዲግሪ የሚሰጥ ሆነ። በልጅነታቸው ክራር ይጫወቱ የነበሩት አቶ ግርማ ይፍራሸዋ ፒያኖን የተማሩት በዚህ ቤት ነው፤ ከዚያ ወደ ቡልጋሪያ፣ ወደ ሶፊያ ሄደው ተምረው የኢትዮጵያን ዜማ በፒያኖ ለዓለም አሰምተዋል። ዛሬም ከሳሪስ፣ ከመካኒሳ ወይም ከላፍቶ ተነሥቶ መሣሪያውን በብብቱ ይዞ ወደዚያ የሚሄድ ልጅ፣ የሚሄደው ወደ ተከበረ ትምህርት ነው።

ከዚህ ታሪክ ተማሪም ወጣት ሹምም የሚያገኙት አለ። ጐበዝ ሶሎ ተጫዋችን አንድ ትጉ መምህር ሊያወጣው ይችላል፤ ተሰጥዎ ያለው ልጅም አንዳንድ ጊዜ ያለ መምህር ይወጣል። ኦርኬስትራ ግን እንዲህ አይወጣም። ቫዮሊኑም፣ ቼሎውም፣ ጥሩምባውም፣ ከበሮውም በአንድ ዘመን፣ በአንድ ደረጃ ተምረው መገኘት አለባቸው፤ ከመካከላቸው የአንዱ ወገን ትምህርት ለጥቂት ዓመታት ቢቋረጥ ሶሎ ተጫዋቹ የሚቀበለው አጥቶ እንደ እረኛው ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ የመምህራን ደመወዝ፣ የፒያኖ መቃኛ፣ የተሰበረ የቫዮሊን ጅማት መለወጫ በመዝገብ ላይ ሲታዩ ትንሽ ወጪዎች ይመስላሉ እንጂ፣ ብቸኛውን ተማሪ ከማኅበሩ ጋር አያይዘው የሚያቆሙት እነዚሁ ናቸው። ፕሮፌሰር አሸናፊ ቤቱን በወጣትነታቸው ሠሩት። ጣሪያው እንዳያፈስ መጠበቅ ከእሳቸው በኋላ የሚመጡት ሰዎች ድርሻ ነው።